ያላመመ ጥርስ ይነቀላል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ጁን መጀመሪያ ላይ ሃይስኩል ይጨርሳል፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ስቴት ሄዶ ኮሌጅ ይገባል። ብሬሱን (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦውን) ካወለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ወር ለጽዳት ወስጄው ራጅ ካነሡት በኋላ ሐኪሟ «አራቱንም ዊዝደም ቱዝ (መጨረሻ ላይ የሚበቅሉትን የኋላ መንጋጋዎች) ኮሌጅ ሳይገባ አስነቅሉለት» አለችን። የእኔ እንግሊዝኛ ለሥራዬ እንጂ ለሐኪም አይበቃም፤ ልጄ ነው ያስተረጎመልኝ። «ካልተነቀሉ ችግር ያመጣሉ፣ የተስተካከለውንም ጥርስ መልሰው ያጣምማሉ» አለኝ። ሪፈራል ተጽፎልን ኦራል ሰርጀን (የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም) ጋ ደወልኩ። እዚያ ያሉት ደግሞ ክረምት ቀጠሮ ስለሚጣበብ ቶሎ ወስኑ፣ የዘንድሮውን የኢንሹራንስ ገንዘብ ካልተጠቀማችሁበት ይቃጠላል ይሉኛል።

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ «ያላመመውን የእግዜር ጥርስ ምን በደለሽ ብለሽ ነው የምታስነቅይው?» ብላ ተቆጣች። ለንደን ያለችው እህቴ ልጇን ለተመሳሳይ ነገር ወስዳ «ካላመማት አንነካም» ብለው መልሰዋታል። ባለቤቴ ጁላይ አጋማሽ አዲስ አበባ ስለምንሄድ እዚያ በርካሽ ይነቀል ባይ ነው። ልጁን ስጠይቀው ትከሻውን ሰብቆ «ዋትኤቨር» ይለኛል።

ጥርሱ አያመውም። የታች ግራው ድዱ ብቻ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ አብጦበት በጨው ውሃ ሲጉመጠመጥ ለቆታል። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ የደብዳቤሽን ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። «ጥርሱ አያመውም» ባልሽ በሚቀጥለው መስመር የታች ግራ ድዱ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንዳበጠ ትነግሪኛለሽ። ስለሌሎቹ ሦስት ጥርሶች ላመነታ እችላለሁ፤ ስለዚያኛው ግን ብዙም አላመነታም። ወደ እሱ እመጣለሁ።

አስቀድሜ ስለ አንዲት ቃል ላንሣ። ልጅሽ «ችግር ያመጣሉ» ብሎ ነው የተረጎመልሽ። ሐኪሟ ያለችው «ሊያመጡ ይችላሉ» ሳይሆን አይቀርም። እዚህ አገር ሁሌም የሚባለው እንደዚያ ነው፤ እኔም ወንበሩ አጠገብ ቆሜ በየቀኑ የምሰማው ይህንኑ ነው። ልጅሽን አልወቅሰውም። የ17 ዓመት ልጅ የራሱን አፍ ጉዳይ ለእናቱ ሲያስተረጉም ማሳጠር ይወዳል፣ ያስፈራውንም ይዘላል። ስለዚህ ሰርጀኑ ጋ ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቂ። ሜዲኬይድን (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ) የመሰለ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅንም ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል፤ ግን ቀጠሮውን ስትይዢ ንገሪያቸው እንጂ እዚያ ደርሰሽ አትጠይቂ።

«የተስተካከለውን ጥርስ መልሰው ያጣምማሉ» የሚለውን ደግሞ ከሐሳብሽ አውጪው። እኔም በተማሪነቴ የሰማሁት ነገር ነው፤ ከኋላ እየገፋ የፊቱን ያጨናንቃል ይባል ነበር። የታች የፊት ጥርሶች ግን ዊዝደም ቱዝ ባለውም በሌለውም ሰው ላይ ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ ይጠጋጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ብሬስ ጨርሰው ያወለቁ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሶቹን አስነቅሎ ገሚሶቹን ትቶ፣ ከ5 ዓመት በላይ ተከታትሏቸዋል። የፊት ጥርሳቸው መጨናነቅ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ጥርሱን ቦታው ላይ የሚይዝለት ሪቴይነሩ ነው። ማታ ማታ ያደርገዋል ወይስ አልጋው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል? ይህንን መጠየቅ መብትሽ ነው፤ የብሬሱን ዕዳ የከፈልሽው አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ጥርሱ። አዲስ አበባ 11 ዓመት ጥርስ ነቅያለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የዚህን አገር ፈቃድ እስካገኝ ድረስ በአንድ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የመጣብኝ አንድ የታክሲ ረዳት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ አፉን ከአንድ ጣት ስፋት በላይ መክፈት አቅቶታል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ፣ አረቄ ነክሮ ድዱ ላይ ሲያስቀምጥበት ስለከረመ ሥጋው እንደ ተቀቀለ ነገር ነጥቷል። ጥርሱ ለጤናማ ሰው ከ20 ደቂቃ በላይ የማይፈጅ ነበር። ያሳዘነኝ ከፊቱ ያለው ጥርስ ነው። ያ የተጋደመ ጥርስ ምግብ ሲያጠራቅምበት ኖሮ ጎረቤቱን ጤነኛ መንጋጋ ከኋላው በልቶታል። ለአንድ ጥርስ መጥቶ ሁለት አስነቅሎ ሄደ።

እዚህ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ኮፍያ ያለው ሹራባቸውን የለበሱ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ይሰለፋሉ። አራት አራት ይነቀልላቸውና ጥርሳቸውን በትንሽ ፖስታ ይዘው ይሄዳሉ። ከራጆቻቸው አንዳንዱን ሳየው የላይኞቹ ቀጥ ብለው፣ ቦታም ኖሯቸው፣ ማንንም ሳይነኩ እየወረዱ ነበር። አንዷን እናት ለምን እንደወሰነች ብጠይቃት «ሁሉም ያስነቅላል» አለችኝ። እንግዲህ የአዲስ አበባው ዘገየ፣ የእዚህኛው ቸኮለ፤ ልጅሽ ያለው በመሃል ነው።

የለንደኗ እህትሽ የሰማችው እውነት ነው። ናይስ የሚባለው የብሪታንያ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ በሽታ የሌለበትን፣ ከአጥንት ወይም ከድድ ውስጥ የቀረ ዊዝደም ቱዝ «ለማንኛውም» ብሎ መንቀል በመንግሥት ሐኪም ቤቶች እንዲቆም አድርጓል። አሜሪካም ውስጥ የሕዝብ ጤና ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመሳሳይ አቋም ይዟል፤ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ግን በወጣትነት አይቶ መወሰኑን ይደግፋል። ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ነገሩን ሲመረምር በሽታ የሌለበትን የተቀበረ ጥርስ መንቀልም ሆነ መተው ይሻላል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የደመደመው። ስለዚህ «ሳይንሱ ይላል» ብሎ የሚያስቸኩልሽ ሰው ካለ፣ ሳይንሱ በዚህ ላይ ገና አልቆረጠም።

ነገር ግን እህትሽ ያልነገረችሽ አለ። ያው የብሪታንያ መመሪያ በጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ አንድ ጊዜ በቀላሉ ቢያብጥ አትንቀሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከተደገመ ግን መንቀልን አስቡበት ይላል። የአንቺ ልጅ ሁለተኛውን ጨርሷል። ለንደን ብትወስጂው እንኳ ይህንን አንዱን ጥርስ «ካላመመህ» ብለው አይመልሱትም ነበር። ሜሪላንድና ለንደን በዚህ በአንዱ ይስማማሉ።

ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ። የታች ግራው ጥርስ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀርቷል ማለት ነው፤ ከላዩ የድድ ቆዳ እንደ ክዳን ተኝቶበታል። በክዳኑና በጥርሱ መካከል የሽሮውም የሩዙም ፍርፋሪ ይገባል፤ ብሩሽ አይደርስበትም፤ ባክቴሪያው እዚያው ይራባል። ሲያብጥ የላይኛው ጥርስ ያበጠውን ድድ እየነከሰ ይብሰዋል። የጨው ውሃው ያበጠውን ያስታግሣል፤ ኪሱን ግን አይዘጋውም። ሦስተኛው እብጠት መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፤ የሚያስፈራኝ ልጅሽ ዶርም ውስጥ ብቻውን፣ የፈተና ሳምንት ላይ ቢመጣበት ነው። በዚህ መሃል አገጩ ሥር ወይም አንገቱ ካበጠ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ 911 ደውይ። ጥርስ ነው ተብሎ ቤት የሚታደርበት አይደለም።

ዕድሜውም ለዚህ ጥርስ ይስማማዋል። በ17 ዓመት የጥርሱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ገና አላለቀም፤ አጥንቱም ለስላሳ ነው። ከ25 ዓመት በኋላ ሥሩ ረዝሞ፣ አንዳንዴም ተጣሞ፣ አጥንቱ ጠንክሮ ይቆያል፤ ቁስሉም ለመዳን ይዘገያል። ብሪታንያ መንቀሉን ካስቆመች በኋላም ነገሩ በነፃ አላለፈም። በኋላ የሚያስነቅሉት ሰዎች ዕድሜ ከ20ዎቹ አጋማሽ ወደ 30ዎቹ መጀመሪያ ተሻገረ፤ እንደዚያ የታክሲ ረዳት ከፊት ያለው መንጋጋ ተበልቶ የሚመጣውም በዛ። «እንጠብቅ» ማለት ልክ የሚሆነው በየጊዜው የሚያየው ሰው ሲኖር ነው።

የቀሩት ሦስቱ ግን ለየብቻ ምክንያት ይፈልጋሉ። የተነሣውን ትልቁን ራጅ፣ ሙሉ አፉን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያሳየውን፣ ኮፒውን ጠይቂ፤ ማግኘት መብትሽ ነው። ስታዪው ፊት ለፊትሽ እንደ ቆመ ሰው ነውና የምስሉ ቀኝ የልጅሽ ግራ ነው። የታችኛውን አጥንት ተከትሎ የሚሄድ፣ በሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች የታጠረ ጥቁር መንገድ ታያለሽ። ለታች ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፍበት ነው። አሁን የጥርሱን ሥር ጫፍ ተመልከቺ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው። ሥሩ መንገዱ ላይ ከተደረበ፣ ነጩ መስመር እዚያ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ወይም ሥሩ ከጠቆረ ግን ሰርጀኑ ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ ሳያነሣ እጁን እንዳይሰነዝር ጠይቂው። እንዲህ ሲሆን ሥሩን ትቶ የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማውጣት የሚባል አማራጭም አለ። የከንፈር ወይም የምላስ መደንዘዝ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት የሚቆይባቸው አሉ፤ ዕድሜ ልክ የሚቀርባቸው ከ100 ሰው አንድ አይሞሉም። ጥቂት ነው። ቢሆንም ምንም ላላደረገ ጥርስ ብለው ሊከፍሉት የሚገባ ዋጋ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ሰርጀኑን በአስተርጓሚው በኩል «አራቱም ይነቀሉ?» አትበዪው፤ «አዎ» ይልሻል፣ ያበቃል። «የታች ቀኙ ለምን?» በዪው። እሱም እንደ ግራው ወደ ፊት ተጋድሞ ጎረቤቱን ተደግፎ ከሆነ ምክንያት አለው፤ ቀጥ ብሎ አጥንት ውስጥ ከተኛ ግን እየተከታተሉ መቆየት ይቻላል። «የላይኞቹ ለምን?» በዪ። እዚህ ላይ አንድ ልክ የሆነ መልስ ሊሰጥሽ ይችላል። የታች ግራው ሲነቀል የላይ ግራው የሚነክሰው ያጣና ከዓመታት በኋላ ወደ ታች እየረዘመ የታች ድዱን ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ግራዎች አብረው ቢነቀሉ አልከራከርም። «አንዴ ከተኛ አይቀር አራቱም ይውጡ» የሚለው ክርክርም ባዶ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ማደንዘዣ፣ ሁለት ጊዜ እብጠት ማንም አይወድም። ለእኔ ግን ብቻውን አይበቃም። የእኔ ልጅ ቢሆን ግራዎቹን አስነቅዬ፣ ቀኞቹን ራጁ ካልከሰሳቸው በስተቀር እተዋቸውና በየሁለት ዓመቱ አሳያቸው ነበር። ራጁን እኔ አላየሁትምና ሰርጀኑ በጥርሱ ስም ጠርቶ የተለየ ምክንያት ከነገረሽ የእሱን ስሚ።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማደንዘዣው ነገር ይቀላል። አካባቢውን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ፣ ልጁ ነቅቶ ሳለ መሥራት ይቻላል፤ ጾሞ መምጣትም አያስፈልገው ይሆናል። በደም ሥር የሚሰጠው የሚያስተኛው ማደንዘዣ እንደ ጥርሱ ሁሉ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ብዙ ጊዜ በየ15 ደቂቃው ይቆጠራል። ይህንን ከመረጡ ምግብ አትብሉ የተባለበትን ሰዓት እንደ ቁርባን ጾም ቁጠሪው። አንዲት የአገራችን እናት ልጇ ራሱን እንዳይስት አስባ መኪና ውስጥ ሻይ በዳቦ ሰጥታው ነበር። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መርፌው ሊገባ ሲል «ምን በላህ?» ሲባል ተናገረ፤ ቀጠሮው ተሰርዞ አምስት ሳምንት ጠበቁ። እሷ በእኔ ላይ ተቆጣች፤ እኔ ግን ልጁ እውነቱን በመናገሩ ነው ደስ ያለኝ፣ ያ ዳቦ ወደ ሳንባው ቢሄድ ኖሮ ምን እንደሚከተል አውቃለሁና።

የኢንሹራንሱን ነገር በአጭሩ። አብዛኛው የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። አራት ጥርስ ከማደንዘዣ ጋር ጣሪያውን ቶሎ ነክቶ የቀረው ወደ ኪስሽ ይመጣል። «ይቃጠላል» ያሉሽ እውነት ቢሆንም ለመንቀል ምክንያት አይሆንም፤ ያልተጠቀምሽበት ገንዘብ ስለሚያሳዝን ብሎ ጥርስ የሚነቅል ሰው አይቼ አላውቅም ብል ደግሞ እዋሻለሁ። ከቀዶው በፊት ኢንሹራንሱ ለእያንዳንዱ ጥርስ ምን ያህል እንደሚከፍል በጽሑፍ እንዲያመጡልሽ ክሊኒኩን ጠይቂ። ጥርሱ አጥንት ውስጥ ከሆነ የሕክምና ኢንሹራንሳችሁም አንዳንዴ ይሸፍናልና እሱንም አስጠይቂ። ልጁ ሜዲኬይድ ላይ ከሆነ እስከ 21 ዓመቱ ድረስ አስፈላጊ የሆነ የጥርስ ሕክምና ይሸፈንለታል፤ ያኔ ችኮላው ጭራሽ የለም።

ባለቤትሽ ያሰበው አዲስ አበባ እንዲነቀል ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ያንሳል ብዬ አይደለም የምቃወመው፤ እኔም ከዚያው ነኝ። የምቃወመው ስለ ቀኖቹ ነው። እብጠቱ የሚከፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ድራይ ሶኬት የሚሉት፣ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ወጥቶ አጥንቱ የሚራቆትበት ሕመም የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። ልጁ ያኔ የት ይሆናል? የአክስት ቤት፣ ፊቱ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ከግራም ከቀኝም ጉርሻ። «አሞኛል» ሲል ደግሞ «እንዴት፣ አንዲት ብቻ!» ይባላል። ከዚያም የሚመልሰውን አውሮፕላን ይሳፈራል። እዚያ ካልሆነ በጭራሽ የምትሉ ከሆነ በሄዳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይሁን፣ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት አትንኩ፤ ራጁን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚነቅለውም የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ይሁን። እኔ ግን የምመክርሽ ትምህርት በዘጋ ሳምንት፣ ጁን ላይ፣ እዚሁ ነው። ጁላይ አጋማሽ ስትሄዱ የፈለገውን ይጎርሳል።

ከተነቀለ በኋላ ስለሚታዘዝለት መድኃኒት አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አይቡፕሮፌንና ታይለኖል አብረው፣ ሐኪሙ በጻፈው መጠንና ሰዓት፣ ለዚህ ሕመም ለአብዛኛው ልጅ ይበቃሉ፤ ከብዙዎቹ የኦፒዮይድ (ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ክኒኖችም አያንሱም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ተከታትሎ፣ ከጥርስ ሐኪም ኦፒዮይድ ከታዘዘላቸው ከ100 ወደ 6 የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ የሱስ ወይም ያለ አግባብ የመጠቀም ምርመራ እንደተጻፈባቸው አሳይቷል። ካልታዘዘላቸው ግን ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። ማዘዣው ላይ ኦክሲኮዶን ወይም ሃይድሮኮዶን ካየሽ «ያለሱ አይሆንም?» በዪ። ከፋርማሲ ከወጣም ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጠሽ አንቺ ቆጥረሽ ስጪው፤ የተረፈውን ፋርማሲው መልሶ ይቀበልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ኮሌጅ አይሂድ።

ምግቡ የእኛ ቤት ቀላል ነው። አጥሚት ለብ ብሎ፣ ከቻለም ወፈር ብሎ፤ አልጫ ሽሮ ፍትፍት በእንጀራ ሳይሆን በለስላሳ ዳቦ፤ እርጎ። የሰኔን ጾም የምትጾሙ ከሆነ አጥሚቱ በውሃ ይሠራ፣ የአቮካዶ ጁስም አለ፤ ግን በማንኪያ። በስትሮ ሲመጥ የረጋውን ደም ከጉድጓዱ ይስበዋል፤ እንትፍ ማለትም እንደዚያው ነው። ሚጥሚጣና በርበሬ ለሳምንት ይቆዩ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከዚያም በላይ፤ አንዲት የገብስ ፍሬ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ለሁለት ቀን ያስቸገረችን ልጅ አለ። የእናትሽ የጨው ውሃ ከ24 ሰዓት በኋላ ይጀመር፤ ልክ ናት። ቅርንፉድም ብታዝዝ አትሳቂባት፤ ድራይ ሶኬት ለያዘው ሰው ክሊኒኩም ከቅርንፉድ ዘይት የሚሠራ መድኃኒት ነው የሚያስቀምጥለት። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ግን በጭራሽ።

ስለ እናትሽ ቁጣ ካነሣሁ አይቀር፣ «ያላመመ ጥርስ አይነካም» የሚለው የቆየ ሕግ ነው ብለሽ አትሸበሪ። በአገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልወጣ ጥርስ ሲወጣ ኖሯል፤ እስካሁንም ፈጽሞ አልቀረም። ያኛው ጎጂ ነው፣ የሚሰጠው ምክንያትም ስሕተት ነው። እናትሽን ግን በዚህ አትከራከሪያት። ይልቅ እንዲህ በያት፦ «ያላመመውን አይደለም እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ያበጠበትን ነው።» የድድ እብጠትን እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

የቀረው ልጁ ነው። «ዋትኤቨር» ሲል ግድ የለኝም ማለቱ አይመስለኝም፤ መርፌውን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። አሁን የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፤ 18 ሲሞላው ግን ፊርማው የራሱ ነውና ከአሁኑ የጥርሱን ራጅ ራሱ አይቶ ይጠይቅ። ስለ ቬፕና ስለ ሺሻ ደግሞ የግድ መጠየቅ አለበት፣ ጭስ ድራይ ሶኬት ያመጣልና። አንቺ ፊት እውነቱን አይናገርም። ሰርጀኑ ይህን የሚጠይቅበት ሰዓት ሲደርስ ውሃ ልጠጣ ብለሽ ከክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ውጪለት፤ ሲጨርስም መኪና ውስጥ ምን እንዳለ አትጠይቂው።